መብራት በጠፋ ሰሞን የተወለደ ሰላምታ

ከጅማ ወደ ሊሙ ገነት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ተማሪ ሰላምታ አረመችኝ።

መናኸሪያው ውስጥ ነው የተሳፈረችው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። የስልኳ ጀርባ ላይ ሰማያዊ ሸራ ያላት ጀልባ ተለጥፋለች። ጀልባዋን አውቃታለሁ፤ ዛሬ ጅማ ውስጥ እሷን የማያውቅ ካለ ገና ያልተወለደ ነው። አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነውር ስለሚመስለኝ አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን አንድ ፍሬ ቡና እንደያዘ ሰው ገጠምኩ፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ ወደ ደረቴ መለስኩ። የልጅቷ ፊት ፈካ። እሷም ጣቶቿን አነሳችልኝ። ከዚያ ግን ዝም ማለት አቃታት።

"ማዘር፣ ይቅርታና ትንሽ ተሳስተሻል" አለችኝ። "አንድ ዓይን ይጨፈናል። እንዲህ።"

መጀመሪያ የተናደድኩት "ማዘር" በመባሌ ነው፤ አርባ እንኳ አልሞላኝም። "የት አየሽው?" አልኳት።

"ድራማው ላይ ነዋ። አባትየው እንዳይነጋገሩ ሲከለክላቸው።"

"በዓይንሽ አይተሽዋል?"

"እናቴ ትሙት! ክፍል ስንት እንደሆነ ነው የጠፋብኝ።"

ምስኪን እናቷ። ልጅቷ ያለችው ነገር በየትኛውም ክፍል ላይ የለም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ከስድስት ዓመት በፊት፣ አንድ የቡና ለቀማ መጋዘን ውስጥ፣ ሰፈራችን መብራት የጠፋ ሰሞን። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሊሙ ገነት የምሄደው ይህንኑ ውሸቴን ተናዝዤ አንዲት ትልቅ ሴትን ይቅርታ ልጠይቅ ስለነበር አልሳቅሁም። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና አደረግሁላት። "አሁን ሆነ" አለችኝና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው።

ከሳዑዲ ስመለስ ይዤ የመጣሁት ሁለት ብርድ ልብስና ዓረብኛ ነበር። ብርድ ልብሶቹን ዘመድ በሳምንቱ ወሰዳቸው፤ ዓረብኛዬን ግን የፈለገው አልነበረም። መንደራ ቆጪ በሚባለው የጅማ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ቀን ቀን ቡና ለቀማ እሄዳለሁ፤ ሲመሻሽ በአንድ የዓረብ ጣቢያ የሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ አያለሁ። ድራማው የተሠራው ሌላ አገር ነው፤ ንግግሩን ነው ወደ ዓረብኛ የመለሱት። ሰውና ዕቃ በውኃ እያሻገረ የሚኖር አንድ ምስኪን ጀልባ ነጂ አለ። ትልቅ የወይራ እርሻ ያለው ሀብታም ደግሞ አንዲት ልጅ አለችው። ልጅቷና ጀልባ ነጂው ይዋደዳሉ፤ አባትየው ግን ሊድራት የሚፈልገው ወይራውን ለሚያሻሽጥለት ደላላ ነው። ነገሩ በቃ ይኸው ነው፤ ግን እንዴት ያስለቅስ ነበር። ያኔ በጅማ ከእኔ በቀር ይህን ድራማ የሚከታተል ሰው የነበረ አይመስለኝም። ብቻዬን አለቅሳለሁ፣ ብቻዬን እስቃለሁ፣ ጠዋት ተነስቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

መጋዘኑ ውስጥ ሃምሳ የምንሆን ሴቶች በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀምጠን እንለቅማለን። ከደህናው ፍሬ መሀል ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እያወጡ ወደ ጎን መጣል ነው ሥራው። የሚያጠራጥር ፍሬ ሲያጋጥመን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገን እናየዋለን። ከጎኔ የሚቀመጡት በዕድሜ ከሁላችንም ትልቋ ነበሩ። አኮ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ቤታቸው ከቤቴ ሦስት በር አልፎ ነው። አንዱ ዓይናቸው ሞራ ነበረበት፤ ቢሆንም በእሳቸው እጅ ያለፈ ቡና ውስጥ አንድ መጥፎ ፍሬ ያገኘ ሰው አላውቅም።

አንድ ጠዋት አኮ ፊቴን አዩና እጃቸውን ከቡናው አነሱ። "ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ምን ሆነ? ማን ሞተብሽ?"

"ማንም አልሞተም አኮ። ጀልባዋ ሰጠመች።"

"የማን ጀልባ?"

በዚህ ጥያቄ ተጀመረ። ያን ቀን ለአኮ ብቻ ነበር የነገርኳቸው። በማግስቱ ጠረጴዛው በሙሉ ጆሮውን ወደኛ አቀና። በሳምንቱ የሌላው ጠረጴዛ ሴቶች "ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ እኛ ሰው አይደለንም?" ብለው ተቆጡ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ የሚያስለቅሰውን ቦታ ደግሞ በሁለቱም እያልኩ የትናንቱን ክፍል ከጠዋት እስከ ምሳ እተርካለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ የተደመጥኩበት ጊዜ የለም። ሳዑዲ በነበርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አፌ የሚያወጣው ቃል "እሺ" ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን ሃምሳ ሴት አፌን እያየ "ከዚያስ?" ይለኛል።

አንድ ችግር ነበረ፤ ወይራው። በእኛ አገር ወይራ የወተት ዕቃ ማጠኛ ነው። ፍሬውን ለቅሞና ጨምቆ ሀብታም የሆነ ሰው አለ ብል ከመጀመሪያው ቀን ማንም አያምነኝም። ስለዚህ ቡና አደረግሁት። አባትየው የቡና እርሻ አለው፤ ልጅቷ ከለቃሚዎች ጋር ትውላለች፤ ጀልባ ነጂው የቡና ጆንያ ያሻግራል። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ድራማው የራሳቸው ሆነ። "ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ሆነላቸው?" እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም የዝናቡን ሁኔታ እነግራቸዋለሁ።

ካቦው፣ ማለትም የሥራው ተቆጣጣሪ፣ መጀመሪያ ሊያስቆመኝ ሞክሮ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ እጃችን ከበፊቱ እንደሚፈጥን አየና ተወኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ያልተበላሸ ሚዛን እያስተካከለ፣ ጆሮውን ወደኛ ያቆም ጀመር። አንድ ቀን ታሞ ቀረና በማግስቱ በር ላይ ጠበቀኝ። "ሥራውን የሚመለከት ጥያቄ ነው" አለ ዙሪያውን እያየ። "ደላላው እንዴት ሆነ?"

ደላላውን የጠላነውን ያህል ሌላ ሰው ጠልተን የምናውቅ አይመስለኝም። ገበያ ውስጥ ሁለት ለቃሚዎች ሲገናኙ ሰላምታቸው "ደላላው እንዴት አደረ?" ሆነ፤ መልሱም "አላህ ይስበረው" ነው። ይህን የሰማ አንድ እውነተኛ የቡና ደላላ መጋዘኑ ድረስ መጥቶ "ሴቶቻችሁ በየገበያው ይረግሙኛል፣ ምን አድርጌያቸው ነው?" ብሎ ለካቦው ስሞታ አቀረበ። ካቦው አስቀምጦ ታሪኩን ሁሉ አጫወተው። ሰውየው ሲወጣ ደላላውን እየረገመ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና አምስት ቀን ጨለማ ሆንን። ያመለጠኝ ደግሞ ከሁሉ የባሰው ቦታ ላይ ነው፤ አባትየው ሁለቱ አንድ ቃል እንዳይነጋገሩ ያስማለበት ማግስት። የመጀመሪያውን ቀን "ትናንት አልተላለፈም" አልኩ። በሁለተኛው ቀን ራሴን አመመኝ አልኩ። በሦስተኛው ቀን መጋዘኑ ውስጥ የለቅሶ ቤት ዝምታ ሆነ። አንዷ ራሴን እንዲሻለኝ ብላ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቋጥራ አመጣችልኝ። ያን ጭኮ በልቶ ዝም ማለት ግፍ ነው። ማታውን ከጎረቤት በተዋስኳት ቁራጭ ሻማ ሥር ተቀምጬ አሰብኩ፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት ጀመርኩ።

"ልጅቷ ግቢው ውስጥ ከለቃሚዎች ጋር ተቀምጣለች" አልኩ። "እሱ ጆንያ ሊጭን ገባ። አባትየው እዚያው ቆሟል። መነጋገር የለም። እሱ ምን አደረገ? ከተጣለው ክምር ላይ አንድ የተሰበረ ፍሬ አነሳ። ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው፤ አየው። ከዚያ መልሶ አልጣለውም። ወደ ደረቱ አስጠጋና ከደህናው ጋር ደባለቀው። እሷ ገባት።"

መጋዘኑ ውስጥ አንድ ፍሬ አልወደቀም። የገባው ለእሷ ብቻ አልነበረም፤ ሃምሳችንም ገብቶናል። የተጣለ ነገር ስንለይ የምንውል ሰዎች ነን፤ ከእኛ መሀል አንድ ቀን እንኳ ራሷን ከዚያ ክምር ላይ ያላገኘች የለችም። እኔም ራሴ የፈጠርኩት ነገር እንባዬን አመጣው። ካቦው "ሥራ! ሥራ!" አለ፤ ድምፁ ግን ተሰብሮ ነበር። አኮ ከፊታቸው ካለው ክምር አንድ ፍሬ አነሱ፤ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ብዙ አዩትና ከደህናው ጋር ቀላቀሉት። "ጥሩ ልጅ ነው ይሄ ጀልባ ነጂ" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ደላላው እንዴት አደረ" ቀረና ጣት ማንሳት ተተካ። መጀመሪያ በጠረጴዛዎች መሀል ነበር። ቀጥሎ በገበያ፣ በጤና ጣቢያ ወረፋ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆነ። አንዷ በወዲያ ባጃጅ፣ አንዷ በወዲህ ባጃጅ ስትተላለፍ ሁለት ጣት ከመጋረጃው ይወጣል። የምናውቀው እኛው ብቻ ነበርን፤ ሰው ሲያየን "እነዚህ ሴቶች ምን ነካቸው?" ይላል። ያ ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር። አንዲት ሃምሳ ሰው የምታክል አገር ነበረችን።

አሁን ወደ አኮ ጉዳይ ልምጣ። አኮ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፤ ሳይፈቅዱላት የወደደችውን አግብታ ሊሙ ገነት ገባች። እሳቸውም "ልጅ የለኝም" አሉ፤ እሷም እልኸኛ ነች፤ የማን ልጅ ሆና። አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ሰላምታው በወጣ በዓመቱ አኮ ለዘመድ ሠርግ ሊሙ ገነት ሄደው ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሲመርጡ ቀና ቢሉ ልጃቸው ከማዶ ቆማለች፤ ሕፃን አዝላለች። አኮ ቃል ፈለጉ፤ ጠፋቸው። ያን ጊዜ ጣታቸውን አነሱ። ልጃቸው ደግሞ ከእኛው ጋር ስትለቅም ከርማ ወደ ሊሙ ከተመለሰች ጎረቤቷ ታሪኩን ሁሉ ሰምታ ኖሯል። ሽንኩርቱን ተሻግራ እግራቸው ላይ ወደቀች። አኮ ይህን ሲነግሩን መጋዘኑ በእልልታ ተናጋ። "አላህ ይስጠው ያንን ልጅ" አሉ፤ ጀልባ ነጂውን ማለታቸው ነው። "እሱን ባላውቅ ኖሮ ምን እል ነበር?"

እኔም እልል ብያለሁ። ግን ያን ቀን ነው ስጋት የጀመረኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ከበደ። አኮ እውነቱን ቢያውቁ ያ ዕርቅ ምን ይሆናል? ባዶ ነገር ላይ የቆመ አይመስላቸውም? ሁለት ሦስቴ ልነግራቸው ተነሳሁ፤ ሁለት ሦስቴም ጭኮ እንደጎረሰ ሰው አፌ ተያዘ።

ከዚያ አገሩ ሁሉ ደረሰብን። ድራማው በአማርኛ ተተርጉሞ በአንድ የአገር ውስጥ ጣቢያ ይተላለፍ ጀመር፤ በሁለት ወር ውስጥ ጅማ አበደች። ባጃጆች ጀርባቸው ላይ ሰማያዊ ሸራ አሳሉ። ፀጉር ቤቶች "እንደ ጀልባ ነጂው" የሚባል ቁርጥ አወጡ። ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከጎንደር ይሁኑ ከአዋሳ፣ ማታ ማታ ካፌ ሞልተው "ደላላው!" እያሉ ይጮኻሉ። የእኛ ልጆች ሰላምታችንን ቀድመው ትምህርት ቤት አድርሰውት ስለነበር ድራማው ሲመጣ ሰላምታው አብሮት የመጣ መሰለ። ተርጓሚው ያለው ሌላ፣ ሕዝቡ የሚያነሳው ጣት ሌላ። "ይሄ የቱ ክፍል ላይ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም፤ አላየሁም ማለት ኋላ ቀርነት ነዋ። ሁሉም ያመለጠው ክፍል ላይ እንደሆነ ገምቶ ጣቱን ያነሳል። አንድ ትራፊክ አጠፋ ያለውን ባለ ባጃጅ ሲያስቆመው ሰውየው ጣቱን አነሳለት፤ እሱም በፈገግታ አነሳ፤ ከዚያ ቅጣቱን ጻፈ።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀንቼ ነበር፤ አልዋሽም። እኛ ለጀልባዋ ስናለቅስ እነዚህ የት ነበሩ? አንዲት ለቃሚ ጓደኛችን ካፌ ገብታ ለተማሪዎቹ "እኛ እኮ እስከ መጨረሻው እናውቀዋለን፣ ደላላው የሚ..." ብላ ልትነግራቸው ስትል ከቤቱ ሊያስወጧት ደረሱ። ግን ቅናት አያዛልቅም። አንድ ቀን በህርማታ ገበያ ሳልፍ አንድ ሽማግሌ ጨርቅ ነጋዴ ከሱቃቸው ደጃፍ ጣታቸውን አነሱልኝ፤ መልሼ ሳላበቃ ጫማ የሚጠግነው አነሳልኝ፤ ቀጥሎ አንዲት ሙሽራ ከመኪና መስኮት። ሰላምታ እየመለስኩ መንገዱን ስጨርስ ፈገግታዬን ከፊቴ ማውረድ አቅቶኝ ጉንጬን አመመኝ። የማላውቀው ሰው ሁሉ "አልጣልኩሽም" እያለኝ እንዴት ልቀና?

ደስታዬን ያጨለመው አንድ ነገር ነበር። ድራማው ወደዚያ አምስት ቀን እየቀረበ ነው።

የወይራው ነገር እንደሆነ ቀድሞ ተጋልጧል። በመጀመሪያው ክፍል ሴቶቹ ዛፉን አይተው "ቡናው የታል?" ሲሉኝ እውነቱን ተናገርኩ፤ ለአንድ ሳምንት "ወይራ ነጋዴ" ብለው ሳቁብኝና ተወኝ። ይኼኛው ግን ሳቅ አልነበረም። ያ ክፍል የሚተላለፈው እሁድ ከሰዓት ነበር፤ አኮ "እኔ በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም፤ ሳልሞት ልየው" ብለው የድሮ ለቃሚዎችን ሁሉ ሰፈራችን ካለው ሻይ ቤት ጠሩ። ካቦው እንኳ በክት ልብሱ መጣ። አኮን ዓይናቸው ደከም ስላለ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጧቸው። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ለመሸሽ እንዲመች።

አባትየው አስማለ። ልጅቷ አለቀሰች። ጀልባ ነጂው ወደ እርሻው ገባ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የስኒ ድምፅ ቆመ። ጀልባ ነጂው እጁን ወደ ኪሱ ላከ፤ ስልክ አወጣ፤ መልእክት ጻፈላት። የእሷ ስልክ ጢን አለ። አነበበች፤ ሳቀች። በቃ። ማስታወቂያ ገባ።

አንዷ "መልእክት?" አለች ቀስ ብላ። ሁሉም ወደ እኔ ሊዞር ሲል ተሰማኝ። ያኔ አኮ ከፊት ወንበር፣ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ ጮክ ብለው ተናገሩ።

"ቆርጠውታል" አሉ።

"ዋላሂ ቆርጠውታል!" አለ ካቦው ጉልበቱን መትቶ። ከዚያ በኋላ የሻይ ቤቱን ጫጫታ ማን ይቻለው። እንዲህ ያለውን ቦታ ቆርጦ የስልክ ወሬ ያስገባ ማን ነው? ለማን አቤት ይባላል? ተማሪዎች ሳይቀሩ "አዎ፣ እኔ ኢንተርኔት ላይ ሙሉውን አይቼዋለሁ" ይሉ ጀመር። በሦስት ቀን ውስጥ ጅማ ሙሉ ጣቢያው ምርጡን ቦታ ቆርጦ እንደጣለ አወቀ። እኔ ዳንኩ። ሆኖም እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፤ አኮ በእኔ ተማምነው በሰው ፊት ስለ ውሸቴ ተሟገቱ። በሳምንቱ ደግሞ ጓዛቸውን ጠቅልለው ልጃቸው ዘንድ ሊሙ ገነት ሊኖሩ ሄዱ። ሳልነግራቸው ሄዱ ማለት ነው።

ድራማው ባለቀ ሰሞን ቆርጬ ተነሳሁ፤ ለዚህ ነበር ያቺ ተማሪ ሰላምታዬን ስታርመኝ ሚኒባሱ ውስጥ የነበርኩት።

አኮን ያገኘኋቸው በልጃቸው ጓሮ፣ ቡና ከተሰጣበት አልጋ አጠገብ፣ ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠው የደረቀውን ሲለቅሙ ነው። ጡረታ ወጡ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን እጃቸው አላረፈም። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ትጫወታለች። ተሳሳምን፣ ስለ ሰፈሩ ጠየቁኝ፣ ሁሉም አልሐምዱሊላህ ደህና ነው አልኩ። ከዚያ ሳልቀመጥ አፈረጥኩት።

"አኮ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያ ፍሬ የማንሳቱ ነገር ድራማው ላይ የለም። የቆረጠውም የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ምንም አላየሁም።"

አኮ ከቡናው ቀና አላሉም። "አውቃለሁ" አሉ።

"እንዴት ያውቃሉ?"

"ሻማውን ከማን ቤት ነበር የተዋስሽው?"

ጨለማ፣ ሦስት በር ማዶ፣ የአኮ እጅ ቁራጭ ሻማ ሲያቀብለኝ፣ ሁሉም አንድ ላይ ትዝ አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ረስቼ ነበር።

"በማግስቱ ጠዋት መጣሽና ትናንት ማታ በቴሌቪዥን አየሁ ብለሽ ጀመርሽ" አሉ አኮ። "እኔም፣ ሱብሃነላህ፣ ይቺ ልጅ ቴሌቪዥኗ በሻማ ነው እንዴ የሚሠራው አልኩ በልቤ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ዝም አይነቅዝም። ደግሞ እያማረ ነበር።" አንድ ጠጠር አውጥተው ወረወሩ። "ምን ላድርግ፣ ሴቱ ሁሉ እያለቀሰ ‘ሶባ ነው፣ ውሸት ነው’ ልበል?"

"ሻይ ቤትስ ቆርጠውታል ያሉት?"

"እሱ የእኔ ሶባ ነው። አላህ ይማረን፣ አንድ አንድ ደረሰን።"

"አኮ፣ ግን ልጅዎ... ዕርቁ..."

አሁን ቀና ብለው አዩኝ። "ገበያው መሀል ያነሳሁት የራሴን ጣት ነው፤ የቴሌቪዥን ጣት አይደለም" አሉ። ልጃቸው ከቤት ውስጥ ትሰማን ኖሮ ስትስቅ ሰማኋት። እሷም ታውቃለች።

ከዚያ አኮ ወደ ጎን ከጣሉት ክምር አንድ ግማሽ ጎኗ የተሰበረ ፍሬ መርጠው በሁለት ጣታቸው ያዙ። ሞራ ያለበትን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በደህናው ዓይን፣ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አዩዋት። አንድ ዓይን ጨፍነው። ያቺ ተማሪ እንዳለችው። የሰላምታው ባለቤት እኔ ነኝ ብዬ ስድስት ዓመት ስኮራም ስፈራም ኖሬያለሁ፤ አገሩ የተማረው ለካ ከእሳቸው ነው፤ እኔ ያወራሁትን ሳይሆን እሳቸው ያደረጉትን። አኮ ፍሬዋን አየት አደረጉና ቀጥሎ እኔን አየት አደረጉ፤ ከዚያ ወደ ደረታቸው አስጠግተው ከደህናው ጋር ደባለቋት።

አለቀስኩ፤ ሳቅሁም።

"በይ ታኢ፣ ተቀመጪ" አሉ፣ ሌላ ዱካ በእግራቸው እየገፉልኝ። "ይሄ ሁሉ ቡና እየጠበቀን ነው። የደላላውን መጨረሻ እነሱ ያደረጉበትን አልወደድኩትም። አንቺ ንገሪኝ።"

"እውነተኛውን?"

"እውነተኛውንማ አየሁት። ያንቺን ነው የምልሽ።"

ነጠላዬን አጣፋሁና ቡናው አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጃቸውም ሥራዋን ትታ ወጣች፤ ልጇን አቅፋ ከአልጋው ማዶ ተቀመጠች። "ደላላው ያን ጠዋት ሲነሳ" ብዬ ጀመርኩ።